መንግሥት የላከልን አራጅ

መንግሥት ዘገምተኛ ነው እያላችሁ የምታሙ ሰዎች፣ ኧረ እግዜርን ፍሩ! መንግሥትም ሲያሰኘው ይሮጣል። እናንተ የሚሮጥለትን ነገር አታውቁትም እንጂ፣ እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰሞኑን ሬዲዮው የወፍ ጉንፋን የሚባል በሽታ ዶሮዎቻችንን እንዳይነካ መንግሥት ሌት ተቀን ነቅቶ እየጠበቀ ነው ሲል ጎረቤቴ ዘወር ብላ አየችኝና «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። ሳቅ መስሏት ነው።

ነገሩ የሆነው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በዚያ በክፉ ቀን ነው። መንደራችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። በልጉም ክረምቱም ከድቶን ወንዱ ሁሉ እህል ፍለጋ ተበትኗል፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም የገባ አለ፣ ደሴ ለኩሊነት የወረደ አለ፣ የት እንደገባ የማይታወቅም አለ። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ወንድ አባቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ቄስ ናቸው። ይህችን ልብ በሉልኝ፦ በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም፤ የሚቀድስ ካህንም ደም አያፈስም። በስመ አብ ብሎ የሚባርክ ወንድ ከሌለ ዶሮ ቢኖርሽ ስትጮህ ትሰሚያታለሽ እንጂ አትበያትም።

ጎረቤታችን ደብሬ አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረቻት። አንዲት ልጅም ነበረቻት፤ ጥሩዬ። ጥሩዬ ተስቦ ይዟት ከሞት ተርፋለች፤ ተስቦው ቢለቃትም ረሃቡ አልለቀቃት ብሎ ሆዷ ጥሬም ቆሎም እምቢ አለ። ያዩዋት ሁሉ «ይህችን ልጅ የሚያነሣት የዶሮ መረቅ ነው» አሉ። ዶሮ አለ፣ ድስት አለ፣ አራጅ የለም!

እንግዲህ ደብሬ ዶሮዋን በብብቷ ሸጉጣ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ ወንድ ያለፈ እንደሆነ ልትለምን። አንድ ቀን ከደጎሎ በኩል የመጣ ነጋዴ አህያውን እየነዳ ብቅ አለ። እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ሰውየው ዶሮዋንም ደብሬ አንገት ላይ ያለውን ማተብም አየና «እታለም፣ እኔ እስላም ነኝ። ባርድልሽስ መች ትበይዋለሽ?» አላት። ከስልቻው ሽንብራ ዘግኖ በነጠላዋ ቋጠረላትና «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርልሽ» ብሏት ሄደ። ያ ሰው የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ያለበት ይቅናው።

እናንተ የተበለተ ዶሮ ከሱቅ የምትገዙት «ታዲያ ራሷ ለምን አላረደችውም?» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም ጆሮዋ ሥር ብያታለሁ። ምን ብላ መለሰችልኝ መሰላችሁ? «ማረዱስ አያቅተኝም። ግን በክት አብልቻት ብትሞትብኝ አባትሽን ምን ብዬ ፍቱልኝ እላቸዋለሁ?»

በዚያው ሰሞን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሰው ዶሮዎች ታመሙ። በሽቦ አጥር የሚኖሩ፣ ከእኛ የተሻለ እህል የሚበሉ ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ነበሩ። ፈንግል ገባና ገሚሱን ፈጀው። አቤት ያን ጊዜ የመንግሥትን ፍጥነት ብታዩ! ሰው ሲያልቅ ያልነበረው መኪና ተገኘ፤ ቤንዚኑም ተገኘ። እህል ለመጫን አያስኬድም የተባለው መንገድ ለዶሮ ሲሆን አስኬደ። የተረፉት ነጫጮች እንዳይነኩ በዙሪያው ያለ የሐበሻ ዶሮ በሙሉ ይወገድ ተባለ።

ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። እኛ ዘንድ አንድም ዶሮ አልታመመም፤ እኛ የሰማነው የጭቃ ሹሙ መልእክተኛ ከገደሉ ማዶ ቆሞ የጮኸውን ብቻ ነበር። «ዶሮ ያላችሁ! ነገ ከቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ይዛችሁ ጠብቁ! የሚያርዱ ሰዎች ከመንግሥት ታዘው ይመጣሉ!»

እስቲ ፍረዱ። አራጅ ያጣ መንደር ይህን ሲሰማ ምን ያድርግ? እልል አልን እንጂ! ደብሬ መሬት ስማ «እሰይ! ጃንሆይ ሰምተውናል!» አለች። ጊዜው ፍስክ ነው፤ ምን ያግደናል? ሌላው አገር ከመንግሥት ዶሮ ይደብቃል፤ እኛ ቆጥ ላይ የቀረችውን አንዳንድ ዶሮ እግሯን አስረን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ለቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው ተሰለፍን። ደብሬማ እስክመለስ ይፍላ ብላ ውሃ ጥዳ ነበር የመጣችው።

መኪናው ደረሰ። ካኪ የለበሰ አለቃና ሁለት ረዳቶች ወርደው መጀመሪያ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ደሙ የሚፈስበት መሰለን። ቀጥሎ አንደኛው ረዳት የመጀመሪያዋን ዶሮ ተቀበለና አንገቷን ጠምዝዞ ወረወራት።

«ውይ! ጌታዬ፣ በስመ አብ ይበሉባት እንጂ!» ብላ ጮኸች ደብሬ።

አለቃው ግራ ገባው። «ማን ሊበላት ነው የሚባረከው?» አላት።

ያኔ ገባን። ደብሬ ዶሮዋን በሁለት እጇ ጥብቅ አደረገች። አባቴ በዚያ ሽምግልናቸው መስቀላቸውን ይዘው ወደ አለቃው ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ሌላውን ውሰድ። ይህችን አንዷን ግን በስመ አብ ብለህ እረድላት፤ ልጇ ልትሞትባት ነው» አሉት።

አለቃው ባለጌ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። «አባ፣ ትእዛዝ ነው» አለና ዶሮዋን ከእጇ አስለቀቃት። ቀይዋ ዶሮ እየጮኸች ጉድጓድ ገባች። ከላይ ኖራ ተነሰነሰባት።

ሊሄዱ ሲሉ አለቃው የጉድጓዱን አፍ ቆሞ አየና ለረዳቶቹ «በረሃብ አለቁ ሲባል ሰምቼ ነበር። ይህን ሁሉ ዶሮ በእጁ ይዞ የመጣ ሕዝብ ምኑ ተራበ?» አላቸው። እዚያው ቆመን ሰማነው። ይህንኑ ቃል ለበላዮቹ እንዳደረሰም በኋላ ሰማን፤ እህል ይታደላል ሲባል የእኛ መንደር ስም አልተጠራማ።

ደብሬ ቤቷ ስትገባ ውሃው ፈልቶ ጠበቃት። ጨው ጣል አድርጋ አቀዝቅዛ ያንኑ አጠጣቻት። ጥሩዬ «እማ፣ ይጣፍጣል» አለቻት። በሳምንቱ አባቴ ፈቷት፤ በክት ሳይነካት፣ በሥርዓት ተቀበረች።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ አብዮት ፈነዳ። ዘማቾች መንደራችን መጥተው ሰበሰቡን። አንዲት ፀጉሯን ያጎፈረች፣ ደግ፣ ጩኸታም ተማሪ ስለ ሴት ልጅ ጭቆና አስተማረችን። ንግግሯን ስትጨርስ ከካርቶን ውስጥ ነጫጭ የፈረንጅ ጫጩቶች እያወጣች አደለችን። ፊውዳሉ ለፈጀብን ዶሮ ካሣ መሆኑ ነው። «ከእንግዲህ ሴትም እንደ ወንድ አርዳ ትበላለች! ማንንም ደጅ አትጠናም!» አለች። አጨበጨብን።

ደብሬ ጫጩቷን በመዳፏ ይዛ ብድግ አለች።

«ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ። ማረዱንስ እናርዳለን» አለቻት። «ለማን?»

ልጅቱ ለእንግዳ መስሏት «ለሚመጣው ሁሉ!» ብላ ሳቀች። ደብሬ ተመልሳ ተቀመጠች። ያቺ ጫጩት አድጋ ደብሬ ቤት ስንት ዓመት ኖረች መሰላችሁ። በዚያ ሁሉ የረሃብ አገር፣ እኔ የማውቃት በእርጅና የሞተች ዶሮ እሷ ብቻ ናት።