ለአራት ፎቅ የሚመጥን ቃል

መርካቶ የከረመ ያገራችን ሰው ለመስቀል ሲገባ ምን ይዞ ይመጣል? ለእናቱ ጋቢ፣ ለአባቱ ካፖርት ትሉኛላችሁ። ብርሃኑ ግን እዚህ ከተማችን ጉንችሬ እንደገባ ቀጥታ የመጣው እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ዘንድ፣ ቃል ፍለጋ ነበር።

"መምህር፣ አራት ፎቅ ሠርቻለሁ። 'ረጅም' ማለት አይበቃውም" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እንሰት መሀል የቆመ አራት ፎቅ በተራ ቃል ይጠራል እንዴ? ደግሞስ እውቀቱ ሲፈለግ ደስ የማይለው አስተማሪ አለ? "ታወሪንግ" አልኩት። በማግስቱ የፎቁ ግንባር ላይ በትልልቅ ፊደል አስጻፈው።

የመስቀል ዕለት ክትፎው የቀረበው አራተኛው ፎቅ ላይ ነው። እናቱን በዓይኔ ፈልጌ አጣኋቸው። ስወርድ ከጓሮ፣ አሮጌው ጎጆ ደጃፍ ላይ፣ ክትፎውን በጣባ ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ አለኝ። እሱም እንግዳ ጥሎ አይወርድ" አሉኝ። ቀጥለውም "ለመሆኑ ያ ጽሑፍ ምን ይላል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ከመርዘሙ የተነሳ አጠገቡ ያለውን ሁሉ የሚያሳንስ ማለት ነው፣ እማማ።"

ቀና ብለው ፎቁን ብዙ አዩት።

"አጠገቡ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ።