ለግራው ሣጥን ጥንቸሎች የተደረገ ፍትሕ

የሳይንስ ትልቁ ጠላት ድንቁርና ነው ይባላል። ውሸት ነው፤ ትልቁ ጠላቱ ርኅራኄ ነው። ደንቆሮማ ምን ያደርጋል? ተቀምጦ ያያል። የአዛኝ ሰው እጅ ግን አያርፍም።

በጃንሆይ ዘመን አንድ ፈረንጅ ዶክተር ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተው በአፍንጫ የሚጨመር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በጥንቸሎች ላይ ይሞክሩ ነበር። እኔ አስተርጓሚያቸው፣ ጸሐፊያቸውና፣ ምን ይደረግ፣ የጥንቸል ጆሮ ያዣቸው ነበርኩ። ክትባቱ ብቻውን ደካማ ስለሆነ አጋዥ ያስፈልገዋል አሉ፤ አጋዡም ካገራቸው ያመጡት ዘይት ነው። በቀኙ ሣጥን ላሉት ስድስት ጥንቸሎች ክትባቱን ከነዘይቱ፣ በግራው ላሉት ስድስት ክትባቱን ብቻ አንጠባጠብንላቸው። ቀኞቹ ከበለጡ እዚሁ ላቦራቶሪ ይከፈታል፣ እኔም ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ ተባለ። የምወዳት ልጅ አባት ደግሞ ቋሚ ሥራ ለሌለው ሰው ልጃቸውን እንደማይሰጡ ቁርጡን ነግረውኛል። እንግዲህ ትዳሬ የተንጠለጠለው በስድስት ጥንቸሎች አፍንጫ ላይ ነበር።

ጥንቸሎቹን የሚቀልበው አብዲ የሚባል የጀልዴሳ ሰው ነው፤ ለጉንዳን እንኳ መንገድ የሚለቅ። እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋ እንደ ሕጓ ሱቋን ዘግታ ስትተኛ፣ ዶክተሩና እኔም እናንኮራፋለን። ነቅቶ የሚቀረው አብዲ ብቻ ነው።

ከሳምንታት በኋላ የጥንቸሎቹ ደም ተቀድቶ ተመረመረ። ቀኝና ግራ እኩል! ዶክተሩም ዘይቱ አንዳች እንደማይፈይድ በሦስት ገጽ ጽፈው ፈረሙበት። እኔም ጥንቸሎቹ ፊት ቆሜ አለቀስኩ።

በመሄጃቸው ዕለት የጉንፋኑን ሊቅ ጉንፋን ያዛቸው። አፍንጫቸው ተደፍኖ በባቡሩ መስኮት ሲያነጥሱ፣ ሊሸኛቸው የመጣው አብዲ ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። አንቱታ በማያውቀው የድሬ አማርኛው “አቦ፣ ቀና በል!” ብሎ ሁለት ሁለት ጠብታ ጨመረላቸው። ትንሽ ቆይተው በደስታ ተነፈሱ፤ ምን እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉኝ።

አብዲም እናቱ ለጉንፋን የምትጨምርለት የሰሊጥ ዘይት መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎም፣ “ወላሂ ፍቱን ነው! ለቀኞቹ ዘይት ሰጥታችሁ ግራዎቹን ከለከላችሁ፤ ሐራም አይደል እንዴ? እናንተ ስትተኙ፣ ያን ቀኑን ከዚሁ ዘይት እኔ ለግራዎቹ ጨመርኩላቸው” አለኝ፣ ምርቃት እየጠበቀ።

ላስተረጉም አፌን ስከፍት ባቡሩ ጮኸና ተንቀሳቀሰ። እየሮጥኩ ተጣራሁ። ስንብት መሰላቸው መሰለኝ፣ ዘይት አፍንጫቸውን የከፈተላቸው ዶክተር ዘይት እንደማይረባ የፈረሙበትን ወረቀት እያውለበለቡልኝ ወደ ጅቡቲ ሄዱ።