አራት ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ጎን

እናንተዬ፣ ቀጥ ያለ ነገር እንዴት እንደሚወደስ አያችሁልኝ? ቀጥ ያለ ሰው፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ቀጥ ያለ መልስ። እስቲ ሰመራ መጥታችሁ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ከአስፋልቱ እስከ ሰፈራችን በእግር ሂዱና ከዚያ እናወራለን። መንገዱን የቀየሰው ሰው ከነማዕዘኑ ሠርቶታል፤ እኛ ደግሞ ሜዳውን ሰያፍ ቆርጠን እናልፋለን። ማዕዘኑን የሚዞረው መኪና ብቻ ነው። ፍየሎቹም በሰያፉ ነው የሚሄዱት፤ አንዷም ስምንተኛ ክፍል አልደረሰችም። እኔም ከአራተኛ ስላላለፍኩ ከፍየሎቹ ጋር በደንብ እንግባባለን።

ይህ ሰያፍ ርዝመቱ ሳይረገጥ፣ ሜትርም ሳይዘረጋበት በቁጥር ብቻ እንደሚገኝ ያወቅሁት በወንድሜ ልጅ በዘሃራ ነው። ዘሃራ ከኮምቦልቻ መጥታ እኔ ዘንድ ነው የምትማረው። እኔ አልወለድኩም፤ ቤቴ ቤት የሆነው እሷ ስትመጣ ነው። አምና አባቷ ሰይድ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ሒሳብ እንደወደቀች ሰማና ይዟት ሊሄድ ከተፍ አለ።

"እታለም፣ ጭንቅላቷ ካልተቀበለው ምን ታደርጊዋለሽ? ሱቄን ትጠብቅልኝ፤ ነገ ይዣት እሄዳለሁ" አለኝ፣ የቀቀልኩለትን የፍየል ሥጋ እያላመጠ። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እሱ መረቅ ጨምሩልኝ ይላል።

አላህ ግን በዚያው ቀን ንፋስ ላከ። የኛን ንፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የምግብ ቤቴን የውሃ ታንከር ክዳን አንስቶ ጎረቤት ግቢ ወረወረው። ታንከሩ የተቀመጠው አራት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ ነው። ከማማው ሥር ደንበኞቼ ውዱእ የሚያደርጉበት የሲሚንቶ መታጠቢያ ስላለ፣ የመሰላል እግር ሊያርፍ የሚችለው ሦስት ሜትር ርቆ ነው። መሰላል ደግሞ የለኝም። ሎጊያ ላለው በያጅ ደወልን። "ስንት ሜትር ልቁረጥ?" አለ።

"አራት!" አልኩ፣ እንደ መሐንዲስ።

"አክስቴ፣ አራት ሜትሩ እኮ ቀጥ ብሎ ካልቆመ አይደርስም" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

"ሰባት ነው" አለ ሰይድ። "ወደ ላይ አራት፣ ወደ ጎን ሦስት። ደምሩት!"

ዘሃራ ዓይኗ እንደቀላ ብቅ አለች። "አምስት ነው አባዬ።"

"አራትና ሦስት አምስት? ይኸው! ለዚህ ነው የወደቅሽው!"

"ልክ ከሆነችስ?" አልኩት።

"ልክ ከሆነችማ ትማር!"

ልጅቷ ቁጢጥ ብላ አፈሩ ላይ ጻፈች። አራት በራሱ ሲባዛ አስራ ስድስት፣ ሦስት በራሱ ሲባዛ ዘጠኝ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሃያ አምስት። በራሱ ተባዝቶ ሃያ አምስት የሚሆነው ማነው? አምስት። ቁጥሩን እንዲህ አሳብጦ መልሶ ማክሳት ለምን እንዳስፈለገ እስከዛሬ አልገባኝም፤ ሽማግሌዎቻችንም ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስንዝሬን ግን አምናለሁ። የደብተሯን ጥግ አስደግፌ በአንድ ወገን አራት ስንዝር፣ በሌላው ሦስት ስንዝር መሬት ላይ አሰመርኩና ጫፍና ጫፉን በሰያፍ ለካሁ። አምስት! ጣት እንኳ አልተረፈም።

ስልኩ ላይ "አምስት!" ብዬ ጮህኩ።

"እትዬ፣ ደንቆሮ አይደለሁም" አለኝ በያጁ።

በማግስቱ መሰላሉ መጣ። እግሩን ሦስት ሜትር ላይ ብናሳርፈው አናቱ የማማውን ጠርዝ ሳም አደረገው። ምሳ የሚበሉት ሾፌሮች አጨበጨቡ። ሰይድ ከጎረቤት ያስመጣነውን ክዳን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ፤ ከላይ ሆኖ በሽቦ እያሰረ ተጣራ።

"እታለም! ሐሳቤን ቀየርኩ!"

"እሰይ!"

"እንዲህ ያለ ጭንቅላት ካላትማ ትምህርት ምን ያደርግላታል? ሱቄን ትይዝልኛለች። ነገ እንሄዳለን!"

ሰማችሁት? ብትወድቅም ሱቅ፣ ብታልፍም ሱቅ! የዘሃራ ፊት ክስም አለ። እኔ ደግሞ ሞላ ያልኩ ሴት ነኝ፤ መሰላሉን በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ጎን ገፋ አድርጌ አጋደምኩት።

የሰመራ ብረት በቀትር ምን ያህል እንደሚያቃጥል አልነግራችሁም። ሰይድ አንዱን እግሩን ያነሳል፣ ሌላውን ያነሳል።

"እታለም፣ ቀልዱ ይብቃ! በምን ልውረድ?"

"ሁለት መንገድ አለልህ ወንድምዓለም። በቀጥታ ከሆነ አራት ሜትር ነው፤ በመሰላል ከሆነ አምስት። በመሰላል ለሚወርድ ሰው ግን ልጁ አስራ ሁለተኛን ትጨርሳለች።"

ወደ ታች አየ። ወደ ሲሚንቶው አየ። "ወላሂ ትጨርሳለች!" አለ።

ሁለት ሾፌሮች መሐላውን ሰሙልኝ፤ መሰላሉን ያነሳነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘሃራ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። አባቷም ሊጠይቃት ይመጣል፣ ይበላል፣ መረቅም ያስጨምራል፤ ታንከሩ አጠገብ ብቻ አይደርስም።