ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድምፅ

ሙዚቃ እወዳለሁ እያለ ድምፅ የሚፈራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ካምፓላ ጎረቤቴ ግርማ እንዲህ ያለ ሰው ነው። የሳሎኑን ግድግዳ ሲነቀነቁ በሚንሿሹ መሣሪያዎች፣ በጸናጽል፣ በማራካስና ደረቅ ፍሬ በተሞላ የኡጋንዳ ቅል ሸፍኖታል። እውነት ለመናገር ያምራሉ።

ሚስቱን አልማዝን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ስሄድ፣ ጨቅላው በለቅሶ ትንፋሽ አጥሮታል። እናቱ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ቀልቷል። ላባብለው ብዬ ወደ ቅሉ እጄን ብዘረጋ፣ ግርማ «ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነኩት! ቅርስ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ለማን የሚቀር ቅርስ?» አልኩት።

አልማዝ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ባቄላ ጨምራ ስትነቀንቀው ልጁ ዝም አለ።

በሳምንቱ ስመለስ የልጁ ለቅሶ ከደጅ ተቀበለኝ። ጠርሙሱን ብፈልግ ከጸናጽሉ ጎን ተሰቅሏል።

«የአልማዝ የእጅ ሥራ ነው» አለኝ ግርማ፤ «እንዳይነኩት!»