የፊታውራሪ ጉትቻ

ትልቅ ሰው ሲናገር ሁሉም አፉን ያያል። እኔ መተማ ስላደግሁ ይሁን አላውቅም፣ ከአፉ ይልቅ ትከሻውን ማየት ይቀናኛል። ነገሩን የሚያጎርሰው ከትከሻው ኋላ የተቀመጠው ነዋ! ጭብጨባው ለጎረሰው ነው፤ ላጎረሰው ማን ያጨበጭባል?

ጣሊያን ጎንደርን ሲይዝ ከወገራ ደጋ ወደኛ የወረዱት ፊታውራሪም እንዲህ ያለ ሰው አገኙ። አያ ስሜነህ ይባላል፤ በሰሊጥና በሙጫ ንግድ ከሱዳኖች ጋር የኖረ፣ ዐረብኛን እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው። ከፊታውራሪ ጆሮ ስለማይጠፋ «ጉትቻው» አልነው። ከማን ጋር መታረቅ፣ ማንን መሸሽ፣ መቼ መዝመት እንደሚበጅ እሱ ያንሾካሹካል፤ ፊታውራሪ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ እኛም «አቤት ብልሃታቸው!» እንላለን።

ጣሊያን ወደ መተማ ሲቃረብ ሴትና ሕፃኑን ማዶ፣ እንግሊዝ ወደሚገዛው ገላባት ማሻገር ግድ ሆነ። ፈቃዱ ያለው በዑምዳው፣ በማዶው መንደር አለቃ እጅ ነው። ሚስቴ አራስ ነበረች፤ በዚያ ላይ ወባ ይዟታል። ልጃችንን ታቅፋ ወንዙ ዳር ተኝታለች። ዑምዳው እምቢ ካለ ወዴት እንደምወስዳት አላውቅም ነበር፤ ፈርቼ ነበር።

ፊታውራሪና ዑምዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አያ ስሜነህ እንደ ልማዱ ከኋላ ሆኖ ያስተረጉማል። ፊታውራሪ ልመናቸውን ጨረሱ። ዑምዳውም በደስታ ራሱን እየነቀነቀ «ጠይብ፣ ጠይብ» አለ።

በዐረብኛ «መልካም፣ እሺ» ማለት ነው። የመተማ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የወገራ ፊታውራሪ ግን ምን ያውቃሉ? በደጋ ጠይብ ማለት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቡዳ ነው ተብሎ የሚታማው ነው። በሠራው ማረሻ አርሰን እየበላን ስሙን ስድብ ያደረግን ጉደኞች እኛ ነን! ፊታውራሪ ብድግ አሉ። እጃቸው ወደ ሽጉጡ ሄደ። የዑምዳው ዘበኞችም ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። እኔ ዞር ብዬ ሚስቴን አየኋት።

አያ ስሜነህ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ይኸን ጊዜ ቁጣው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ሄደው ዑምዳውን ትከሻውን ሳሙትና አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን አሉት። አያ ስሜነህ ይህችኛዋን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎማት። ዑምዳው ዕንባው መጣ። ፈቃዱ ላይ ግመል ጨመረልን፤ ሚስቴም በግመል ተሻገረች።

ኋላ አያ ስሜነህን ምን ብለሃቸው ነው አልሁት። «ጌታዬ፣ ስለ ራሱ ነው። የጠይብ ዘር ነኝና ከእርስዎ ፊት መቀመጥ አይገባኝም እያለ ነው» ብያቸው ነው አለኝ። እውነቱን ብትነግራቸውስ ምን ነበረበት? ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። የተቆጣን ጌታ በሰው ፊት ተሳስተዋል ማለት ሁለተኛ ማስቆጣት ነው፤ እኔ ቃሉን አፍታትቼ እስክጨርስ ጥይቱ ይቀድመኛል አለ። ውሸት ኃጢአት ነው ይላሉ አባቶች። እኔ ግን ሚስቴና ልጄ የተሻገሩበትን ውሸት ኃጢአት ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ኋላ እኛም ተሻግረን የስደቱን ዘመን ሱዳን፣ በገዳሪፍ ገፋነው። እዚያ ገበያ ውስጥ ሽንኩርቱ ጠይብ፣ አህያው ጠይብ፣ የሰው ጤናው ጠይብ! ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ ይውላሉ። አያ ስሜነህ ዛሬ ጉዴ ፈላ እያለ ከሳ። እሳቸው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ጣሊያን ሲወጣ ፊታውራሪ የመተማ ገዢ ሆነው ተመለሱ። በመጀመሪያው ችሎት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ አያ ስሜነህን ዋና አማካሪ ብለው ሾሙት፤ ካባም አለበሱት። ወንበሩን ከኋላቸው አስነሥተው ፊት ለፊታቸው አስደረጉለት። ስንቱን መከራ ተሸክሞ ከጓዳ አደባባይ ወጣ ብለን እልልታውን አቀለጥነው። ሚስቴማ አለቀሰች።

ፊታውራሪ ካባውን ሲያለብሱት ጎንበስ ብለው በጆሮው አንድ ነገር ሲሉት አይቼ ነበር። ምን ብለው መረቁህ? ብዬ ጠየቅሁት።

«ሕዝቤን ስላሻገርህበት ውሸት እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን አፍህን እያየሁ ነው የምሰማህ» ነበር ያሉት።