ጋሽ ምንይሉና የማያስታውሰው ብሮውዘር

ምስጢረኛ የሌለው ከተማ አይገኝም። ይህ ሰው «ዛሬ ብርዱ ከፋ» ለማለት እንኳ ክንድዎን ይዞ ወደ ጥግ ይስብዎታል። ግራ ቀኙን አይቶ፣ አፉን በእጁ ከልሎ ከነገረዎት በኋላ «በኛው ይቅር» ይልዎታል። ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚሄድ እንደሆነ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ግራ ይሄዳል። ቢታመም ለሐኪሙ የሚናገረው የሕመሙን ግማሽ ነው፤ ሌላውን ሐኪሙ ደርሶ ያግኘው።

የመሐል ሜዳ ከተማ ምስጢረኛ ጋሽ ምንይሉ ነበሩ። ወላጆቻቸው ስሙን ሲያወጡላቸው ምን አስበው እንደሆነ አይታወቅም፤ እሳቸው ግን እንደ መመሪያ ይዘውት ኖረዋል። ሥራቸው ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ መነገድ ነው። በገበያ ቀን የባናን ዋጋ በአፋቸው ጠርተው አያውቁም፤ የገዢውን እጅ ከባናው ሥር አስገብተው ጣቱን በመጨበጥ ነው የሚነግሩት። ገዢው በዝቶበት ዋጋውን ጮክ ብሎ የደገመ እንደሆነ ጋሽ ምንይሉ የጦር ሰፈሩ ካርታ በጠላት እጅ እንደገባ ያህል ይደነግጣሉ። ሚስት አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ የጠየቀ ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ተመልሷል።

እንዲህ ያሉትን ታላቅ ምስጢረኛ እግዜር የበደላቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ መድፈኛ ነበሩና የመድፉ ድምፅ ጆሯቸውን ወስዶታል። ስለዚህ ጋሽ ምንይሉ በሹክሹክታ የተናገሩት ነገር መንገዱን ተሻግሮ ሥጋ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ይህን ደፍሮ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሀስና ከአጣዬ መጥታ አራት ኮምፒውተር ያለው ኢንተርኔት ቤት በከፈተች በሁለተኛው ወር፣ ጋሽ ምንይሉ ገብተው በሩን ከኋላቸው መለስ አደረጉና ኢሜይል የሚባለውን እንድታወጣላቸው ጠየቁ፤ በኛው ይቅር ማለትንም አልረሱም። ፓስዎርዱን ሲያስገቡ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንድታዞር አደረጓት። የሰው ስምና የትውልድ ዘመን በቀላሉ ይገመታል ስላለቻቸው ረጅም አሰቡ። የሞተች በቅሏቸውን የቦራን ስም አደረጉ፣ ቁጥር ጨመሩበት፣ በመጨረሻ ደግሞ ጠላትን ለማሳሳት ሲሉ ሁለት ፊደል ቀጠሉበት። በወረቀት መጻፍ የሚባለውንማ አያንሱባቸው።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ራሳቸውንም ስክሪኑንም ባንድ ላይ ይከናነባሉ። ከባናው ሥር አንዲት ጣት ፊደል ስትለቅም አፋቸው እየተከተለ ይጠራል። ሀስና ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። በረንዳው ላይ ልብስ የምትሰፋው አመተሥላሴ ፔዳሏን አጥብቃ ትረግጣለች። ከሁለተኛው ኮምፒውተር የማይጠፋው መምህር ወሰኔ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ምን ዋጋ አለው፤ የመድፈኛን ሹክሹክታ የሚችል ሬዲዮ የለም። ፓስዎርዱም ተሰማ፣ ደብዳቤውም ተሰማ።

በዚህ ዓይነት ሦስቱም የጋሽ ምንይሉን ሆድ አወቁት። ጋሽ ምንይሉ አሥመራ ውስጥ ልጅ አላቸው። ስሟ ሳሌም ነው። በ1982 ተወልዳ፣ በዓመቱ ጦሩ ሲበተን በእናቷ ጀርባ እንደታዘለች ትተዋት የመጡ ልጅ ናት። እናቷ ሞታለች፤ ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው። የኢሜይል አድራሻዋን በሱዳን ዞሮ የመጣ ሰው በቁራጭ ወረቀት አምጥቶላቸው፣ አንዴ ከላኩላት በኋላ ወረቀቱን አቃጥለውታል። በዚያ ዘመን ከኤርትራ ጋር ስልክ ተቋርጧል፣ ፖስታ ቆሟል፤ አሥመራ ሰው አለኝ ማለት እንኳ በጎሪጥ የሚያስተያይ ነገር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የጋሽ ምንይሉ ፍርሃት መሠረት ነበረው። ይህ የገባት ሀስና ለማንም አልተነፈሰችም።

አንድ ነገር ብቻ አደረገች። የፊደል ቆጠራው አሳዝኗት፣ ኮምፒውተሩ ፓስዎርዱን እንዲያስታውስላቸው አዘዘችው። ጋሽ ምንይሉ ከዚያ በኋላ አንዴ ሲነኩት የኢሜይል ሣጥናቸው ይከፈታል። ምክንያቱን አልጠየቁም፤ ኢንተርኔቱ የለመዳቸው መሰላቸው።

በ2005 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከባናው ሥር የተነበበው ደብዳቤ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አባዬ፣ እሑድ በተክሊል ላገባ ነው። እስከዛሬ በአያቴ ስም ነው የምጠራው። በአንተ ስም ብጠራ ደስ ይለኛል፤ አንተ ግን ትፈራ እንደሆነ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ስሜን ለቄሱ እሰጣለሁ። ካልመለስክልኝ በአያቴ ስም ይሁን ብለሃል ማለት ነው።»

ጋሽ ምንይሉ አልመለሱም። ባናቸውን አጥፈው፣ ለማንም ሳይሰናበቱ ወጡ። የዋጋ ስም በገበያ ያልጠሩ ሰው የገዛ ስማቸውን ጽፈው ወደ አሥመራ ይላኩ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለት ቀን ከራሳቸው ጋር ተሟግተው፣ ሐሙስ ቆርጠው መጡ።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ለከተማው እንግዳ የሆነ፣ ለሥራ የተመደበ ሰው ተቀምጧል። ሣጥኑ ለእሱም ተከፍቶለት ኖሮ ዞር ብሎ፣ ይቺ ሳሌም የምትባለው የማን ናት ሲል ቤቱን ጠየቀ። ወሰኔ ቀና ሳይል የራሱ የወሰኔ እጮኛ እንደሆነች ነገረውና ሣጥኑን እንዲዘጋለት ለመነው። የወሰኔ ሚስት ይህን ሰዓት ከሦስት ልጆቿ ጋር እቤቷ ናት። በሩ ላይ ደርቀው የቀሩት ጋሽ ምንይሉም ነገሩን አመኑትና በዓለም ላይ የሳሌም መብዛት ገረማቸው። የሰውን ሣጥን ለሌላ የከፈተውን ኮምፒውተር ግን ይቅር አላሉትም። ሰውየው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ሀስናን ጥግ አስይዘው፣ ይህ ዕቃ ያየውን ሁሉ ያስታውሳል ወይ አሏት። አዎ ስትላቸው፣ የማያስታውስ እንድታመጣላቸው በእናቷ ለመኗት።

ሀስና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሙሐመድያሲን የሚባል የአክስት ልጅ አላት። ደውላለት፣ ዱካ የማያስቀር ብሮውዘር በፍላሽ ጭኖ በማግስቱ በሚኒባስ ላከው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ተከላው በጋሽ ምንይሉ የቅርብ ቁጥጥር ተጀመረ። ሀስና የሄዱበትን ገጽ እንዳይመዘግብ አጠፋችለት፤ እዚህ ጋ መሐላ ጠየቋት፣ ወላሂ አለች። ድረ ገጾች ሰውን ለመለየት የሚያስቀምጡትን ምልክት ከለከለች፤ እሱንም አስማሏት። ፓስዎርድ አስቀምጥ የሚለውን ስትሰርዝ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው መሰረዙን በዓይናቸው አዩ። አሮጌው ብሮውዘር ከነትዝታው እንዲጠፋ አዘዙ፤ የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያም ባዶ ሆነ። ቆሻሻው የት እንደሚደፋ ጠይቀው አጥጋቢ መልስ አላገኙም።

«ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል ነው የምትይኝ?»

«አዎ ጋሼ። ማን እንደከፈተው እንኳ አያውቅም።»

ጋሽ ምንይሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቢገርፉትስ?»

«ቢገርፉትም የሚናገረው የለውም።»

እንዲህ ያለ ወዳጅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ደስ ብሏቸው ተቀመጡ፣ ተከናነቡ፣ ሣጥናቸውን ጠሩ። አዲሱ ብሮውዘር ፓስዎርድ ጠየቃቸው።

ቦራን አስታወሱ። ቁጥሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ጠላትን ለማሳሳት የቀጠሏቸው ፊደላት ግን ከነአካቴው ጠፍተዋል። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ሀስና ተጠርታ ስታይ፣ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ቢሳሳቱ ለሁለት ቀን ይዘጋል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ሁለት ቀን ማለት እሑድ ነው። በሌላ ኢሜይል እንዳይጽፉ የሳሌም አድራሻ ያለው እዚያው የተቆለፈው ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ አመድ ሆኗል። ሀስና ሬዲዮ ከፍ እያደረገች በኖረችባቸው ቀናት አዘነች፤ ከፓስዎርዱ የሰማችው እስከ ሰባቶቹ ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ባናው ከጋሽ ምንይሉ ራስ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሡትም። «ፈርቶ ዝም አለ ትለኛለች» አሉ፤ ይህን ያሉት ለማንም አይደለም።

የስፌት መኪናው ቆመ። አመተሥላሴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች በሩ ላይ መጥታ ቆማለች። የፈረንጅ ፊደል ቆጥራ አታውቅም። መናገር ማለት ደግሞ የሁለት ዓመት ዝምታን ማፍረስ፣ እኚህን ሰው በሰው ፊት ዕርቃናቸውን ማስቀረት እንደሆነ ገብቷታል። ወሰኔን አየችው፤ ወሰኔ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ» አለች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ትርጉሙን ሳታውቅ በቃሏ እንደያዘችው የግዕዝ ጸሎት አድርጋ አወረደችው፦ «ቢ፣ ኦ፣ አር፣ ኤ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ዜድ፣ ኬ።»

ሀስና ጻፈችው። ሣጥኑ ተከፈተ።

ጋሽ ምንይሉ ስክሪኑን አላዩም፤ ሰዎቹን ነው ያዩት፣ አንድ በአንድ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደሆነ የነገራቸው ወሰኔ ነው፤ እንዲሰማቸው ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። አመተሥላሴ ከጀመረች አይቀር ሁሉንም አወጣችው። ኅዳር ላይ ሳሌም ታምሜ ተኛሁ ብላ የጻፈች ጊዜ ለመድኃኔዓለም ተስላለች። ልጅቱ ስትድን ጧፉን ወስዳ አግብታለች። ሀስናም የዚያን ሰሞን ዱዓ ስታደርግላት ነበር። አንዷ የሌላዋን ይህን ጊዜ መስማቷ ነው።

«ለማን ነገራችሁ?»

«እርስ በርሳችን እንኳ አልተነጋገርንም» አለች ሀስና።

ሆድ ከሀገር ይሰፋል ሲባል ይሰሙ ነበር፤ የሰው ሆድ ለእሳቸው ልጅ ጭምር ቦታ እንዳለው ግን አላሰቡም ነበር። ጋሽ ምንይሉ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ጥግ መፈለግም ተዉ። ሀስና እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ የሚጽፉበትን ወንበር ልትለቅላቸው ስትነሣ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት።

«አንቺ ጻፊልኝ» አሉ። «ሳሌም ምንይሉ ገሠሠ በያት። ለቄሱም እንደዚያው ትስጥ። አባትሽ አልፈራም በያት።»

ጽፋ ጠበቀቻቸው። «ላክ» የሚለውን ልትጫን ስትል ጣቷን ያዙት። አመተሥላሴን አዩ፣ ወሰኔን አዩ፣ ወደ ሀስና ተመለሱ።

«እንዲህም ጨምሪበት፦ እዚህ ሁለት አክስትና አንድ አጎት አሉሽ። ስለ አንቺ ሁሉንም ያውቃሉ።»