የባቄላው ልደትና የዳይሬክተሩ ወንበር

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ የአፀደ ሕፃናት ትምህርት ቤት ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጸጥታ ግን አጥብቀው ይወዳሉ። ቢሯቸው ተቀምጠው የልጆች ሳቅ ከሰሙ ጸጥታው የደፈረሰ ይመስላቸዋል። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ የተስማማ ይመስላቸው ነበር።

በግቢው ውስጥ ዝም ያላለችው የመምህርት ትርንጎ ክፍል ብቻ ናት። ትርንጎ ልጆቿን የምታስተምረው በጨዋታ ነው። በጠርሙስ ክዳን ይቆጥራሉ፣ በጭቃ ፊደል ይቀርጻሉ፣ የትኛው ዕቃ የበለጠ ውኃ እንደሚይዝ እያፈሰሱ ይሞክራሉ። በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ የቲማቲም ቆርቆሮ ደርድረው ባቄላ፣ ስንዴና ሽንብራ ይዘራሉ። በዚያ ክፍል ዘር የሚለየው ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከተዘራው ሁሉ ቀድሞ አንድ ባቄላ ብቅ አለ። ልጆቹ «አያ ባቄላ» ብለው ስም አወጡለትና ልደቱ ይከበርለት አሉ። የወረቀት ቆብ ተሠራ፤ ከየቤቱ ቆሎ መጣ። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ሐናን የምትባል ልጅ፣ «ሻማ አይበራም፤ ያቃጥለዋል» ብላ ስለከለከለች በሻማው ፋንታ ውኃ ሊያጠጡት ተስማሙ።

አቶ ልሳነወርቅ በሩን ሳያንኳኩ የገቡት ልክ «መልካም ልደት» እየተዘፈነ ሳለ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልደት ነው፣ ጋሼ» አለች ትርንጎ።

«የማን?»

«የአያ ባቄላ!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

አቶ ልሳነወርቅ አዲስ የተመዘገበ ልጅ መሰላቸውና «የታለ? ቆሞ ይታይ!» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ልጆቹ ወደ ቆርቆሮው ጠቆሙ። ቆሞ ነበር።

ዳይሬክተሩ ፊታቸው ቀላ። የመጡት ውሳኔ ይዘው ነው። «ወላጆች ልጆቻችን ከጨዋታ በቀር የሚያውቁት የለም እያሉ ነው። ከነገ ጀምሮ መጫወቻው ሁሉ ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። አልስማማም ካልሽ ደግሞ አንቺም ወደ ዕቃ ቤት ትዛወሪያለሽ።»

ትርንጎ ከእነዚህ ልጆች ተለይታ ቁልፍ ስትጠብቅ ራሷን ማሰብ አልቻለችም። በልጆቹ ፊት መከራከር ግን አልፈለገችም።

«እሺ ጋሼ። እስከዚያው ግን ትንሽ ይጫወቱ» አለች። ልጆቹን ማለቷ ይሁን እሳቸውን፣ አልለየላቸውም።

አቤኔዘር የሚባለው ልጅ፣ እንግዳ ቆሞ አይቀርም ብሎ፣ ግራና ቀኙ መደገፊያ ያለው የሕፃን ፕላስቲክ ወንበር ጎትቶ አቀረበላቸው። ወንበሩ ልካቸው እንዳልሆነ ሁሉም ያያል፤ ያላዩት የሚቀመጡበት ሰው ብቻ ነበሩ። ተቀመጡ። ስለ ሥነ ሥርዓት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጨርሰው ብድግ ሲሉ ወንበሩም አብሯቸው ብድግ አለ።

ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ሞከሩ። ወንበሩ ወይ ፍንክች።

«ጋሼ፣ ወንበሩን ይልቀቁት እንጂ!» አለ አቤኔዘር።

«እኔ መቼ ያዝኩት? እሱ ነው የያዘኝ!»

ሊያራግፉት ወዲያ ወዲህ ሲዞሩ የወንበሩ እግር ቆርቆሮውን መታው። ቆርቆሮው ከመስኮቱ ወደቀ፤ አፈሩ ተበተነ፤ አያ ባቄላ ከወገቡ ተቀነጠሰ።

ክፍሉ ጭጭ አለ። አቶ ልሳነወርቅ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት ጸጥታ መጣላቸው፤ ሲመጣ ግን አስፈራቸው።

መጀመሪያ መናገር የቻለችው ሐናን ናት። «አውርዷቸው!» አለች።

አንድ ልጅ ብቻውን አይችልም ነበር። ገሚሱ ወንበሩን፣ ገሚሱ እሳቸውን ይዞ፣ ባንድ ላይ ሲጎትቱ ጊዜ ዳይሬክተሩና ወንበሩ ተለያዩ። ዳይሬክተሩም ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ቁመታቸው ከልጆቹ ጋር እኩል ሆነ።

በዚያ ክፍል ጥፋት ሲፈጸም ልጆቹ የሚጫወቱት የዳኝነት ጨዋታ አለ። ዳኝነቱ በየተራ ነው፤ ተራው የሐናን ነበር። የወረቀት ቆቧን አስተካክላ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ትርንጎ ዞር አሉ። «ምን ማለት ነው ይሄ?»

«ጨዋታ ነው፣ ጋሼ።»

«ጨዋታ መሆኑን መቼ አጣሁት» አሉ፤ ላብ ግን አጥምቋቸዋል።

«አያ ባቄላን ማነው የመታው?» ብላ ጠየቀች ዳኛዋ።

«ወንበሩ ነው።»

«ወንበሩ ላይ ማን ነበረ?»

አቤኔዘር እንባውን በእጅጌው እየጠረገ አፈሩን በመዳፉ ይሰበስባል። አቶ ልሳነወርቅ ለጥቂት ጊዜ አዩትና ተንበርክከው አብረውት መሰብሰብ ጀመሩ። ጣታቸው እርጥብ ነገር ነካ። ቀስ ብለው አነሡት፤ ነጭና ቀጭን ነው።

«ሥሩ አልተነካም» አሉ በሹክሹክታ። «ልጆች፣ ሥሩ ደህና ነው!» ድምፃቸው ልጅ ልጅ አለ። መልሰው ቆርቆሮው ውስጥ ተከሉት። ከዚያ ቀና አሉና «አጥፍቻለሁ» አሉ። ቃሉ ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው፤ ሌላውን ሲያስብሉ እንጂ ራሳቸው ብለውት አያውቁም። «መምህርት፣ መጫወቻው እዚሁ ይሁን። አንቺም እዚሁ ሁኚ።»

ትርንጎ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ደጋግማ አጠፋችው።

የቀረው ፍርዱ ነው። «ጥግ ይቁሙ!» አለ አንዱ። «ቆሎ እንዳትሰጧቸው!» አለች ሌላዋ። «ወንበሩ ይታሰር!» አለ አቤኔዘር፣ ገና ቂሙ ሳይወጣለት።

ሐናን ዓይኗን ጨፍና ብዙ አሰበች። ከዚያም በወለቁት ጥርሶቿ መሐል አየር እያፏጨ፣

«ይማሩ!» ብላ ፈረደች።

ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ ልሳነወርቅ እፎይ አሉ፤ ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ለዳኛዋ እጅ ነሥተው ወደ በሩ አመሩ። ሐናን ግን ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ይማሩ ተብሏል እኮ!»